«ሁሉም ተካቷል» ተብሎ የሚሸጠውን የካርስት ብስክሌት ጉዞ ከመግዛታችሁ በፊት ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው የተራራ ብስክሌት ለምትወዱ፣ በተለይም ካርስት በሚባለው ድንጋያማ መልክዓ ምድር ላይ ከአስጎብኚ ጋር የሚደረግ ጉዞ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ነው። እኔ በገዛሁት ጥቅል ብስክሌቱ፣ አስጎብኚው፣ የራስ ቁሩና የመንገድ ላይ ጥገናው በሙሉ በዋጋው ውስጥ እንደተካተቱ ማስታወቂያው በግልጽ ይናገራል። በውሉ መጨረሻ በደቃቅ ፊደላት የሰፈረው አንቀጽ ግን ጎማ፣ ቸርኬና የኋላ ማርሽ መቀያየሪያ ቢጎዱ ወጪው የደንበኛው እንደሆነና ከመያዣው ገንዘብ ላይ እንደሚቀነስ ይደነግጋል። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ከሌሎቹ የብስክሌት ክፍሎች ሁሉ ቀድመው የሚጎዱት ደግሞ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

ነገሩ የአጋጣሚ ጉዳይ እንዳልሆነ ለመረዳት መሬቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ይበልጡንም ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህም አሲድ ካልሲየም ካርቦኔት የበዛበትን የኖራ ድንጋይ በረጅም ዘመን ያሟሟዋል። ውጤቱም ጎን ለጎን የተቦረቦሩ ቦዮች፣ በቦዮቹ መካከል እንደ ቢላ የሰሉ ሸንተረሮች፣ የፊት ጎማን ውጠው ማስቀረት የሚችሉ ስንጥቆችና ድንገት የሚያጋጥሙ ስምጥ ጉድጓዶች ናቸው። ውሃውም በእነዚሁ ስንጥቆች ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ከላይ ምንጭም ሆነ ወንዝ ማግኘት ያስቸግራል። በስሎቬንያና በጣሊያን መካከል ባለው የክራስ አምባ ላይ ሬካ የተባለው ወንዝ መሬት ውስጥ ገብቶ ከተሰወረ በኋላ ዳግመኛ የሚወጣው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ስለዚህ «በመንገዱ ላይ ውሃ ይገኛል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ውሃው የት ቦታ ላይ እንደሚገኝ በካርታ ያሳያችሁ።

ወደ ጎማው ልመለስ፤ ትልቁ ክርክር የሚነሳው እዚያ ላይ ነውና። የተሰጠኝ ብስክሌት የኋላ ጎማ የጠርዝ ጥርሶቹ አልቀው ነበር፤ በጎኑም ላይ ጎማው ሳስቶ የውስጡ ክር ይታያል። የውስጥ ጎማ በሌለው ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ መሬቱን በሚነካው ክፍል ላይ የሚደርሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን በደንብ ይደፍናል፤ ጎኑ በስለት ሲቀደድ ግን አቅም የለውም። የእኔም በአንድ ቁልቁለት ላይ የአውራ ጣት ርዝመት ያህል ተቀደደ፤ ነጩ ፈሳሽ በብስክሌቱ አካልና በድንጋዩ ላይ እየተረጨ ጎማው ወዲያው ባዶ ቀረ። አስጎብኚው የያዘው አንድ የውስጥ ጎማና መንፊያ ብቻ ነበር፤ የተቀደደውን ጎን ከውስጥ የሚደግፍ ጠንካራ መለጠፊያ አልያዘም። እርሱ ተቀጣሪ ነውና የተሰጠውን ይዞ መውጣቱ አያስወቅሰውም። ድርጅቱ ግን ስንመለስ የተቀደደውን ጎማ ፎቶ አንስቶ «የአነዳድ ጉድለት» በሚል ምክንያት መያዣዬን አስቀረ።

የውስጥ ጎማ ያለው ብስክሌት ከተሰጣችሁም ችግሩ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይቀርም። ጎማው በድንጋይ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ሲቆነጠጥ የውስጥ ጎማው ላይ ሁለት ትይዩ ቀዳዳዎች ይወጣሉ፤ ይህም በተለይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ሲሆን ይከሰታል።

ፍሬኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ራሳችሁ ተመልከቱ። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ የዲስክ ፍሬን ሸራ ውፍረት ወደ 0.5 ሚሊሜትር ሲወርድ እንዲለወጥ ያዝዛል፤ በብዙ ዲስኮች ላይም የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት፣ ብዙውን ጊዜ 1.5 ሚሊሜትር፣ ተቀርጾ ይገኛል። ሸራው ያለቀበትን ብስክሌት «ለዛሬ ያደርሳል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳ የሚያሳርፍ ለስላሳ መሬት የለም።

ሌላው አሳሳች ነገር «መካከለኛ ደረጃ» የሚለው ቃል ነው። ድርጅቱ ይህን ደረጃ የሰጠው በርቀቱና በዳገቱ ከፍታ ብቻ እንደሆነ የተረዳሁት ከጉዞው በኋላ ስጠይቅ ነው። በካርስት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በአፈር መንገድ ላይ ካለው አንድ ኪሎ ሜትር ጋር አይወዳደርም፤ ፔዳሉ በየመሃሉ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ ፍጥነት ይዞ መንሸራሸር አይቻልም፣ ክንድና ትከሻም ከእግር ቀድመው ይዝላሉ። የመንገድን አስቸጋሪነት የሚለኩ የታወቁ መለኪያዎች አሉ፤ አንደኛው ከቀላሉ ኤስ0 እስከ እጅግ አስቸጋሪው ኤስ5 የሚደርሰው ሲሆን፣ ሌላው አረንጓዴ ክብ፣ ሰማያዊ ካሬና ጥቁር አልማዝ የሚጠቀመው ነው። ደረጃው በየትኛው መለኪያ እንደተሰጠ ጠይቁ፤ የመንገዱን እጅግ አስቸጋሪ ክፍል የሚያሳይ ቪዲዮም አስልኩ። ብዙ ሰው የተመላለሰበት የኖራ ድንጋይ ይለሰልሳል፣ ሲረጥብም እጅግ ያንሸራትታል። የእኔ ውል ግን ዝናብ ቢዘንብም ገንዘብ አይመለስም የሚል ነበር። እንዲህ ያለው አንቀጽ ደንበኛውን ገንዘቡን ከማጣትና አጥንቱን ከመስበር አንዱን እንዲመርጥ ስለሚያስገድድ በምንም መልኩ ልንቀበለው አይገባም።

አሁንም መግዛት የምትፈልጉ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የጎማና የቸርኬ ጉዳት በተለመደ አጠቃቀም የደረሰ ከሆነ ወጪው የአከራዩ እንደሚሆን በጽሑፍ አስፈርሙ፤ በቃል የተባለው በኋላ አይገኝም። ብስክሌቱን ስትረከቡ ሁለቱንም ጎማዎች ከነጎናቸው፣ ቸርኬዎቹንና የማርሽ መቀያየሪያውን በአከራዩ ሠራተኛ ፊት ፎቶ አንሱ። የጉዞ መድናችሁም ከመንገድ ውጭ የሚደረግ የብስክሌት ግልቢያንና የነፍስ አድን ወጪን መሸፈኑን አረጋግጡ፤ አንዳንድ ውሎች ይህን ለይተው ያስቀራሉ።

መያዣችሁ አስቀድሞ የተያዘባችሁ ደግሞ የተቀነሰው ገንዘብ ለየትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሆነ የሚዘረዝር ደረሰኝ ጠይቁ፤ ያረጀ ጎማ በአዲስ ጎማ ዋጋ ከተሰላባችሁም በጽሑፍ ተቃወሙ። የተቀደደውንም ጎማ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ያለቁት ጥርሶችና የወጣው ክር ከማንኛውም ክርክር በላይ ያስረዳሉ። ክፍያውን በባንክ ካርድ ፈጽማችሁ ከሆነ እነዚህን ማስረጃዎች አያይዛችሁ ለባንካችሁ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ግን ከድርጅቱ መልስ እየጠበቃችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።