ፕሮሰሱ የት ዳይሬክተሪ ውስጥ ነው ያለው? ፒደብሊውዲኤክስ፣ ሪድሊንክ ወይስ ኤልሶፍ

የፕሮግራሙ ኮንፊግ ፋይል ላይ የተጻፈው የሎጉ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ስም ብቻ ነው፤ ሙሉ ፓዙ፣ ማለትም የተቀመጠበት አድራሻ፣ የለም። ሎጉን ስትፈልጉት ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕሮሰሱ (እየሠራ ያለው ፕሮግራም) በሚሠራበት ዳይሬክተሪ ወይም ፎልደር ውስጥ ነው። ይህን ዳይሬክተሪ የሚነግሯችሁ ሦስቱም የተርሚናል ትዕዛዞች፣ ፒደብሊውዲኤክስ፣ ሪድሊንክና ኤልሶፍ፣ በነፃ ናቸው። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስነው ማሽናችሁና የጥያቄያችሁ ዓይነት ነው።

ለችኮላ ፒደብሊውዲኤክስን የሚያህል የለም። የፕሮሰሱን ቁጥር ስትሰጡት «4127: /ሆም/አፕ» ብሎ ይመልስላችኋል፣ አለቀ። ሊኑክስ ላይ ፒኤስና ቶፕ የሚባሉት የፕሮሰስ ማሳያ ትዕዛዞች ካሉበት ጥቅል ጋር ይመጣል፤ ሶላሪስም አለው። ስክሪፕት ውስጥ ግን ያስቸግራል፤ ከፊት ያለውን ቁጥርና ነጥብ መቁረጥ የእናንተ ሥራ ይሆናል።

እኔ ሊኑክስ ላይ የምመርጠው ሪድሊንክን ነው። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ /ፕሮክ ሥር በቁጥሩ የተሰየመ ዳይሬክተሪ ይከፍታል። እዚያ ውስጥ ሲደብሊውዲ የሚባል ሲምሊንክ፣ ማለትም ፕሮሰሱ ወዳለበት ዳይሬክተሪ የሚጠቁም አቋራጭ፣ አለ። ሪድሊንክ /ፕሮክ/4127/ሲደብሊውዲ ስትሉ ንጹህ ፓዝ ብቻ ይወጣል፤ ምንም የሚቆረጥ ነገር የለውም። ዳይሬክተሪው ስሙ ከተቀየረ አዲሱን ስም ያሳያል። ከተሰረዘ ደግሞ ከፓዙ መጨረሻ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት በእንግሊዝኛ ይለጥፋል። አዲስ ቨርዥን ዲፕሎይ ሲደረግ የድሮው ፎልደር ጠፍቶ ፕሮሰሱ ሪስታርት ካልተደረገ ነገሩ ወዲያው የሚገለጠው እዚህ ጋ ነው።

ኮንቴይነር (የራሱ ፋይሎች ይዞ ተነጥሎ የሚሠራ ክፍል) ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከሆስቱ፣ ኮንቴይነሩን ከያዘው ማሽን፣ ሆናችሁ ስትጠይቁ «/አፕ» ሊላችሁ ይችላል። ያ የኮንቴይነሩ /አፕ እንጂ የሆስቱ አይደለም። መፍትሔው ፓዙን ኮፒ ከማድረግ ይልቅ ሊንኩን ራሱን ተከትሎ መግባት ነው፦ ሲዲ /ፕሮክ/4127/ሲደብሊውዲ። ትክክለኛው ቦታ ያደርሳችኋል።

ማክ ላይ ግን /ፕሮክ የሚባል ነገር የለም፣ ፒደብሊውዲኤክስም የለም። እዚያ ኤልሶፍ አብሮ ተጭኖ ይጠብቃችኋል። ትዕዛዙ ኤልሶፍ -ኤ -ዲ ሲደብሊውዲ -ፒ 4127 ነው። «-ኤ»ን እንዳትረሱ። ያለ እሷ ሁለቱን መስፈርቶች «ወይም» ብሎ ስለሚያነባቸው የማሽኑን ፕሮሰስ ሁሉ ያግተለትልባችኋል። ሊኑክስ ላይ ኤልሶፍ አንዳንዴ ጭራሽ አይጫንም፤ ፋይል የበዛበት ሰርቨር ላይም ሊንቀራፈፍ ይችላል። ኤልሶፍ ሌሎቹን የሚያስከነዳው ጥያቄው ሲገለበጥ ነው፦ «ይሄን ዲስክ አንማውንት ላደርግ ስል ‹ተይዟል› ይለኛል፣ ማን ነው ውስጡ የተቀመጠው?» ያኔ የማውንት ፖይንቱን (ዲስኩ የተያያዘበትን ዳይሬክተሪ) ስጡት፣ ጥፋተኛውን ይዞላችሁ ይመጣል። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሲስተም ላይ ከሆናችሁ ፕሮክስታት -ኤፍ ይበቃል።

አንዳንዱ ሰው ከፕሮሰሱ ኢንቫይሮንመንት (ሲነሳ ከተሰጡት ቅንብሮች) ውስጥ ፒደብሊውዲ የሚለውን ቫሪያብል አውጥቶ ያነባል። አትመኑት። ፕሮሰሱ ሲነሳ የነበረው ነው፤ በኋላ ቦታ ቢቀይርም ቫሪያብሉ እዚያው ሊቀር ይችላል። የትዕዛዞቹ መልስ «/» ብቻ፣ ማለትም የሁሉም ዳይሬክተሪዎች ሥር፣ ከሆነም አትደንግጡ፤ ብዙ ዴሞኖች (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ሲነሱ ሆን ብለው ወደዚያ ይሄዳሉ።

ፕሮሰሱ የሌላ ዩዘር ከሆነ ፈቃድ ስለሌላችሁ ሦስቱም ዳይሬክተሪውን ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ ሪድሊንክ እንዲያውም ምንም ሳይል ዝም ሊል ይችላል። መሣሪያ አትቀያይሩ፣ ከፊት ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ትዕዛዝ) ጨምሩበት።