ጆሊ ፎኒክስ አማርኛ በሚነገርበት ቤት

ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ የሚያስጀምሩት የፊደላቱን ስም በማስሸምደድ ነው፤ ይሁን እንጂ «ኤስ፣ ኤ፣ ቲ» የሚሉትን ስሞች አከታትሎ የሚጠራ ልጅ «ሳት» የሚለውን ቃል አያነብም። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ አገር መታተም የጀመረው ጆሊ ፎኒክስ የተባለው የንባብና የጽሕፈት ማስተማሪያ ዘዴ ፊደሉን የሚያስተምረው በስሙ ሳይሆን በድምፁ ነው። 42 ድምፆችን በ7 ምድብ ከፍሎ ቶሎ ቃል ለመመሥረት በሚያመች ቅደም ተከተል ስለሚያቀርባቸው፣ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ድምፆች እንዳጠና «ፒን»፣ «ታፕ»፣ «አንት» ብሎ ማንበብም መጻፍም ይጀምራል።

የእኛን ፊደል ለሚያውቅ ልጅ ዘዴው ይበልጥ ይቀርባል፤ «ስ»፣ «ት»፣ «ን» የሚሉት ሳድሶች ከሚፈለጉት ድምፆች ጋር በእጅጉ ይመሳሰላሉና። በ«ቲ» እና በ«ኤች» ጥምረት የሚጻፉትን ሁለት ድምፆች ግን አማርኛ ስለሌሉት፣ ወላጅ ራሱ ከሚጠራቸው ይልቅ የተቀዳውን ድምፅ ቢያሰማ ይመረጣል።

ጆሊ ፎኒክስን ከሁሉ በላይ የማደንቀው በአሳሳች ቃላት፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ እንደ ድምፃቸው በማይጻፉ ቃላት፣ አያያዙ ነው። «ሰድ» የሚለው ቃል «ኤስ፣ ኤ፣ አይ፣ ዲ» ተብሎ ሲጻፍ ልጁ ግራ ይጋባል፤ መምህሩ ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ሕጉን እንደሚያከብሩ፣ የሚያሳስተው መካከለኛው ጥንድ ብቻ እንደሆነ ያሳየዋል። ስለዚህ ልጁ ቃሉን በሙሉ እንደ ሥዕል ለመሸምደድ አይገደድም፤ አስቸጋሪውን ክፍል ለይቶ፣ ቃሉን አይቶ፣ ሸፍኖ፣ ጽፎ ያመሳክራል። «ዌንዝዴይ» የሚባለውን ቀን ለጽሕፈት ሲባል «ዌድ-ነስ-ዴይ» እያሉ መጥራትም እጅግ ጠቃሚ ስልት ነው። በአንጻሩ የአንድን አሳሳች ቃል ፊደላት ለማስታወስ ተብለው የሚሰጡት፣ የቃላቶቻቸው የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ ያን ቃል የሚሠሩት ዓረፍተ ነገሮች እንግሊዝኛ ገና ለሚጀምር ልጅ ሌላ ሸክም ስለሚሆኑ ቢታለፉ ይሻላል።

በ«ሬይን»፣ በ«ፕሌይ» እና በ«ኬክ» ውስጥ ያለው አንድ ድምፅ በሦስት መንገድ ይጻፋል፤ መጀመሪያ የሚሰጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ደረጃ «ኬክ»ን በ«ሬይን» አጻጻፍ የጻፈ ልጅ የተማረውን በትክክል ተግባራዊ አድርጓልና ሊወቀስ አይገባውም፤ ሌሎቹ አማራጮች በኋላ ይመጣሉ።

የማልቀበለው ፍጥነቱን ነው። በቀን አንድ ድምፅ ማጥናት እንግሊዝኛን ከጎረቤት ለሚሰማ ልጅ ይስማማ ይሆናል፤ በቤቱ የሚሰማው አማርኛ ብቻ ለሆነ ልጅ ግን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ይበቃል፤ የቀሩት ቀናት የተማራቸውን ድምፆች አገጣጥሞ ለማንበብና ለመጻፍ ይዋሉ።