ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ወይስ ፌስቡክ? ለጀማሪ ባለሱቅ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ የእህቴ የጥልፍ ልብስ ሱቅም ተነሣ። ሜክሲኮ አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራየች። የድሮ ደንበኞቿ ግን ፒያሳ ድረስ ሄደው አጥር ብቻ አይተው ይመለሱ ነበር። «በየትኛው ልጀምር?» ብላ የጠየቀችኝ ያኔ ነው። ለእርሷ ያልኳትን ለእናንተም እላለሁ፤ መጀመሪያ ቴሌግራም፣ ሲለመድ ቲክቶክ፣ ከዚያ ፌስቡክ። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት የከፈተ ሰው አንዱንም በወጉ ሳይሞላ ይቀራል።

የቴሌግራም ቻናል መደርደሪያ ነው። ዕቃው በተለጠፈበት ቅደም ተከተል ስለሚቀመጥ ደንበኛ ወደ ኋላ ሄዶ የዛሬ ሦስት ወሩን ቀሚስ ከነዋጋው ያገኘዋል። በአንድ ጊዜ እስከ 10 ፎቶ መላክ ይቻላል፤ አድራሻችሁን የያዘውን መልእክት ከላይ ትሰኩታላችሁ፤ የተከታይ ቁጥርም ገደብ የለውም። በግሩፕ አትጀምሩ። ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ስለሚጽፍ ዕቃችሁ በወሬ መሀል ይጠፋል። የቻናል ጉድለቱ በአጋጣሚ የሚያገኛችሁ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የቻናሉን ኪውአር ኮድ አትማችሁ በሩ ላይና ዕቃ በምትሰጡበት ከረጢት ላይ ለጥፉ።

ቲክቶክ በዚህ በኩል ተቃራኒው ነው። ስማችሁን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ቪዲዮአችሁን ያሳያል፤ አንድም ተከታይ የሌለው ጀማሪ እንኳ በሺዎች ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል ቪዲዮው ነገ ይረሳል፣ ቀረጻው ጊዜ ይወስዳል፣ የኢንተርኔት ጥቅልም ይበላል። እህቴ ጥልፉ ሲጠለፍ እጅን ብቻ እየቀረጸች፣ ቪዲዮውን ያየውን ሰው ወደ ቴሌግራሟ ትመራዋለች። እባካችሁ ዋጋ ጻፉ! «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል መልስ ያየ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ አልፎ ይሄዳል።

ፌስቡክ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶችና በዕድሜ ገፋ ላሉ ደንበኞች ይጠቅማል። በግል አካውንት ሳይሆን በገጽ ክፈቱት፤ የግል አካውንት ከ5,000 ጓደኛ በላይ አይቀበልም። ኢንስታግራም ለፎቶ ጥራት ለሚጨነቅ ሰው ጥሩ ነው፤ ሜታ ቢዝነስ ስዊት በተባለው ነፃ መሣሪያ ለሁለቱም አንድ ላይ መለጠፍ ይቻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። ከእህቴ ሱቅ አጠገብ ያለች ነጋዴ «ተከታይ አበዛልሻለሁ» ላላት ሰው ሰጥታ የሁለት ዓመት ሥራዋን አጣች። ነገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ መንገዱ ቀላል ነበርና። ቻናሉን በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ክፈቱ፣ ሠራተኛውን አስተዳዳሪ ብቻ አድርጉት፤ ሲለቅ ትሰርዙታላችሁ። በቴሌግራምም በፌስቡክም ይህ ይቻላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም፣ ማለትም ለመግባት ከአንድ ይልቅ ሁለት ማረጋገጫ የሚጠይቀውን መቆለፊያ፣ ዛሬውኑ አብሩት።

ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል በአገራችን ተገድበው እንደነበር አትርሱ። በዚህ ምክንያት የደንበኛን ስልክ ቁጥር፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ በደብተር መመዝገብም ያስፈልጋል። በእህቴ ደብተር የመጀመሪያ ገጾች ላይ ያሉት ፒያሳ አጥር አይተው ከተመለሱ በኋላ በቻናሉ በኩል ያገኟት ደንበኞች ናቸው።