የዌብሳይታችንን ቆጠራ ላስተካከለችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለጎጃም ባለንግዶችም ጥቆማ

ባሕር ዳር ላለው የእንግዳ ማረፊያችንና የጣና ጀልባ ጉዟችን ዌብሳይት ጉግል አናሊቲክስን (ጎብኚዎችን የሚቆጥረውን የጉግል መሣሪያ) ፈር ላስያዘችልን እህታችን፦ እጅሽ ይባረክ! «ጎበዝ ናት» ማለት ብቻ ለሚቀጥራት ሰው ስለማይጠቅም የሠራችውን እንዘርዝረው።

አካውንቱን የከፈተችው በእኛው ጂሜይል ነው። ራሷን «ኤዲተር» (ቅንብሩን መቀየር የሚችል ተጠቃሚ) አድርጋ ገባች፣ ሥራው ሲያልቅ ወጣች። በራሱ ኢሜይል ልክፈትላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ፤ የተለያያችሁ ዕለት መረጃው አብሮት ይሄዳል።

ከዚያ ሰዓቱን አየች። የሰዓት ክልሉ የአሜሪካ ፓሲፊክ ላይ ከተተወ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማለዳ የገባ ሰው ዓርብ ላይ ይቆጠራል። ሪፖርቱ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 20 ብሎ የሚያሳየውም ከምሽቱ 2 ሰዓትን ነው። የአናሊቲክሱ መቁጠሪያ ኮድ ደግሞ ዌብሳይታችን በተሠራበት በዎርድፕረስ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) አንዴ፣ ገጹ ራስጌ ላይ በእጅ ሌላ ጊዜ ገብቶ አንዱን ገጽ ሁለት እያለ ይቆጥር ነበር። አንዱን ስትነቅለው ቁጥሩ በግማሽ ወረደ፤ እውነተኛው ያ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ጥሪው ላይ ነው። «እንግዳው ገጹ ላይ ምን እንዲያደርግላችሁ ትፈልጋላችሁ?» አለች። እንዲደውል ነዋ! አናሊቲክስ ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ሲነካ በራሱ ስለሚመዘግብ የዋትስአፑና የቴሌግራሙ ይያዛል፤ «ይደውሉ» የሚለው ቁልፍ ግን ያመልጠዋል። በታግ ማኔጀር (እንዲህ ያሉ መቁጠሪያዎችን በሚያስተዳድረው የጉግል መሣሪያ) ለብቻው ኢቨንት፣ ማለትም የሚቆጠር ድርጊት፣ ሠርታ «ኪይ ኢቨንት» (ዋና ድርጊት) አደረገችው። ቁልፉ ተነካ ማለት ስልኩ ተነሳ ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን አንብቦ በስልኩ የሚደውልም አይቆጠርም። ስለዚህ እንግዳ መቀበያው ደብተር ላይ «ከየት ሰሙ?» የሚል ዓምድ አስጨመረችን።

የቴሌግራም ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። መተግበሪያው መነሻውን ስለማይናገር ከቻናላችሁ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ዳይሬክት» (መነሻቸው ያልታወቀ ጎብኚዎች) ውስጥ ይደባለቃል። መድኃኒቱ ዩቲኤም የሚባል ምልክት ነው፦ በምትለጥፉት ሊንክ ጫፍ ሶርስ (ምንጩ)፣ ሚዲየም (የመጣበት መንገድ)፣ ካምፔይን (የዘመቻው ስም) ይጨመራል። የእንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ ሁለት ምንጭ ስለሚቆጠር ሁሉም በትንሹ ፊደል ይጻፍ። በራሳችሁ ገጾች መካከል ባለ ሊንክ ላይ ግን ፈጽሞ አታስገቡት፤ ከጉግል የመጣውን እንግዳ ከእናንተው ማስታወቂያ የመጣ ያስመስለዋል።

በዓል የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ የመረጃ ማቆያውን ከ2 ወር ወደ 14 ወር ቀይሩት። ካልተቀየረ «ኤክስፕሎር» (ዝርዝር ትንታኔ የሚሠራበት የአናሊቲክስ ክፍል) ውስጥ ያለፈውን ጥምቀት ከዘንድሮው ማነጻጸር አይቻልም፤ ወደ ኋላ ሄዶም የጠፋውን አይመልስም። ስታነጻጽሩ ጥር 11 እንደ ዓመቱ ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ላይ እንደሚውል አትርሱ።

የሠራተኞቻችሁን ጉብኝት በአይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር) ከቆጠራው ማስወጣት በሞባይል ዳታ ብዙም አይሠራም፣ አድራሻው ይቀያየራል። የቢሮው ብራውዘር ላይ ጉብኝቱ በአናሊቲክስ እንዳይቆጠር የሚያደርገውን የጉግል ማስቀሪያ መጫን ይሻላል።

የምታስከፍለው ለዝርጋታው አንድ ጊዜ ነው፣ ወርኃዊ የላትም። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ ላላችሁም በርቀት ትሠራለች። ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ከመደወላችሁ በፊት ግን የዌብሳይታችሁን የአድሚን መግቢያ ከሠራላችሁ ሰው እጅ ተቀበሉ፣ ያለ እሱ ሥራ አትጀምርም።