ሊፍት የተደረገ ፒክአፕ በቨርጂኒያ መግዛት ለምታስቡ፦ ለጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ጥቆማ

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። እኚህ ሰው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው፣ በስቴት ፖሊስ ሥር የሚሰጠው የኢንስፔክተርነት ፈቃድ ያላቸው አበሻ መካኒክ ናቸው። አገር ቤት ኤንትሬና ኢሱዙ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው የኖሩት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ሥራዬ ቤት ማደስ ነው፤ እንጨትና ሲሚንቶ የሚችል መኪና ያስፈልገኛል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ልጆቼን ይዤ ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት ውስጥ ያሉትን ድንጋያማ መንገዶች መውጣት እወዳለሁ፤ እዚያ ሆዱ ለመሬት የቀረበ መኪና አይሄድም። ስለዚህ ሊፍት የተደረገ፣ ማለትም ከፋብሪካው ከፍታ በላይ ከፍ እንዲል የተሠራ ፒክአፕ ስፈልግ ቆየሁ። ማናሳስ አካባቢ አንድ ግለሰብ የሚሸጠው ፎርድ ኤፍ-150 አገኘሁና፣ የባለቤቴ ወንድም «ጋሼ ሳያዩት ብር እንዳታወጣ» ብሎ አገናኘኝ።

መኪናው ቁመናው ያስጎመጃል። ስድስት ኢንች ሊፍት፣ 37 ኢንች ጎማ፣ ቀለሙ ገና አዲስ። ጋሼ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሱ ሜትራቸውን አወጡ። መኪናውን ሜዳ ቦታ አስቆሙት፣ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ለኩ፣ ከዚያ ተንበርክከው ከመሬት እስከ ዋናው ባምፐር ታችኛ ጠርዝ ያለውን ርቀት ወሰዱ። ፊቱ 31 ተኩል ኢንች ሆነ። ቀጥለው የሾፌሩን በር ከፍተው መቃኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበቡና «ይሄ አያልፍም ልጄ» አሉኝ።

ምክንያቱን ያስረዱኝ ከመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ የሕጉን ግልባጭ አውጥተው ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ክፍል 46.2-1063 በትራክነት የተመዘገበን መኪና የሚለካው በሊፍቱ መጠን ሳይሆን በባምፐሩ ከፍታ ነው፤ ወሰኑም እንደ መኪናው የክብደት ደረጃ ይለያያል። በሩ መቃን ላይ የሚገኘው ቁጥር፣ ማለትም መኪናው ከነጭነቱ እንዲመዝን ፋብሪካው የፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት፣ እስከ 4,500 ፓውንድ ከሆነ የፊቱም የኋላውም ባምፐር ከ28 ኢንች መብለጥ የለበትም። ከ4,501 እስከ 7,500 ፓውንድ ከሆነ ከፊት 29፣ ከኋላ 30 ኢንች ነው። ከ7,501 እስከ 15,000 ፓውንድ ላሉት እንደ ኤፍ-250 ያሉ ከባዶች ደግሞ ከፊት 30፣ ከኋላ 31። እኔ ያማረኝ ኤፍ-150 መካከለኛው ደረጃ ላይ ነበር፤ ሁለት ኢንች ተኩል አልፏል።

ሻጩ «ታርጋ አለው፣ ሬጅስትሬሽኑም አልተቃጠለም፣ ምን ችግር አለው?» አለን። እዚህ ላይ ነው ጋሼ በጣም የጠቀሙኝ። ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) ታርጋ የሚሰጠው ወረቀት አይቶ ነው፤ ባምፐር ሊለካ ወደ ፓርኪንግ የሚወጣ ሠራተኛ የለም። ታይትልህ (የባለቤትነት ወረቀትህ) ንጹሕ ከሆነ፣ ቀረጡን ከከፈልክና ኢንሹራንስ ካለህ ታርጋህን ይዘህ ትወጣለህ። የከፍታው ጉዳይ የሚመጣው በየዓመቱ በሚደረገው የሴፍቲ ኢንስፔክሽን (የደኅንነት ምርመራ) ላይ ነው፣ ወይም መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆምህ። ብዙ ወገኖቻችን ታርጋ መኖሩን እንደ ሕጋዊነት ማረጋገጫ አይተው ይከፍላሉ፤ ከዚያ የማለፊያ ስቲከር የሚለጥፍላቸው ጋራዥ ፍለጋ ይንከራተታሉ።

ጋሼ ቢፈልጉ «ግዛው፣ እኔ ዝቅ አደርግልሃለሁ» ብለው ጥሩ ሥራ ማግኘት ይችሉ ነበር። ሊፍቱን ማውጣት፣ ጎማ መቀየር፣ አላይመንት፤ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስወጣ ሥራ ነው። እሳቸው ግን «ከፍሎ የተሠራን ነገር መልሶ ከፍሎ ማፍረስ ምን ይባላል» ብለው ይዘውኝ ተመለሱ።

በመጨረሻ የገዛሁት 2017 ኤፍ-150 ዊንቸስተር አካባቢ ነው የተገኘው። አራት ኢንች ሊፍት፣ 35 ኢንች ጎማ፤ ባምፐሩ ከፊት 27 ተኩል፣ ከኋላ 29። ጋሼ ግን በሜትሩ ብቻ አልረኩም። ሥሩ ገብተው ሊፍቱ እንዴት እንደተሠራ አዩ፤ ምክንያቱም ቦዲውን ከሻንሲው ለይቶ በስፔሰር (መሃላቸው በሚገባ ማራቂያ) ማንሳት የሚፈቀደው እስከ 3 ኢንች ብቻ ነው፣ የፊት እግርን በብሎክ ማንሳት ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው። የእኔው በተሟላ ኪት የተሠራ ነበር። የፍሬን ቱቦዎቹ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር እንደማይወጠሩ በእጃቸው ዳሰሱ፣ ቴስቲኒዎቹን (የመሪውን መገጣጠሚያዎች) በፌሮ እየነቀነቁ ፈተሹ። አንዱ ልል ነበርና ሻጩ ከዋጋው ላይ ቀነሰልን።

ከግዢው በኋላ የሠሩልኝ ሁለት ነገር አለ፤ ሊፍት ያለው መኪና የምትነዱ ሁሉ ልብ በሉት። አንደኛው የፊት መብራት ነው። አፍንጫው ከፍ ሲል መብራቱም አብሮ ይነሣና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል፤ ኢንስፔክሽን ላይም ይጥላል። አስተካክለው ዝቅ አደረጉት። ሁለተኛው የፍጥነት መለኪያው ነው። መኪናው ከፋብሪካ የወጣበት ጎማ 32 ኢንች ገደማ ነበር፤ 35 ሲደረግ ጎማው በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ግን በድሮው ያሰላል። ዳሽቦርዱ 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 87 ማይል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ85 በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፤ ሬክለስ ድራይቪንግ (ጥንቃቄ የጎደለው አነዳድ) ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል። እንጀራው በመንጃ ፈቃዱ ላይ ለሆነ ሰው፣ በተለይ ለታክሲና ለትራክ ሾፌሮቻችን፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጋሼ ኮምፒውተሩን ከአዲሱ ጎማ ጋር አስማሙት።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ አለመኖሩን፣ «ሪቢልት» ወይም «ሳልቬጅ» የሚል፣ ማለትም መኪናው ከባድ ጉዳት ደርሶበት እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አለመጻፉን ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። 2011 እና ከዚያ በኋላ የተሠራ መኪና ከሆነ የተነዳበት ማይል ታይትሉ ላይ መሞላት አለበት። ሻጩ ታርጋውን ነቅሎ ስለሚያስቀር መኪናውን ወደ ቤት ለማምጣት ዲኤምቪ የሚሰጠው የሦስት ቀን ፈቃድ አለ። የሽያጭ ቀረጡ 4.15 በመቶ ነው፤ 24,000 ዶላር ለሆነ መኪና 996 ዶላር ማለት ነው፣ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ኢንሹራንስ ሳይኖር ክፍያ ከፍሎ መመዝገብ ቀርቷል። ለኢንሹራንሱ ሊፍቱንና ጎማውን በግልጽ ንገሩ፤ ያልተነገረ ዕቃ በአደጋ ጊዜ ላይከፈል ይችላል። ደግሞም ዊንቸስተር የጭስ ምርመራ የማይጠየቅበት አካባቢ ነው፤ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ ፕሪንስ ዊልያም፣ ላውደን ወይም ስታፈርድ የምትኖሩ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ማስመርመር አለባችሁ። ጋሼ ይህንንም አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር ዲኤምቪ የሄድኩት ሁሉን አሟልቼ ነው።

ሴፍቲ ኢንስፔክሽኑን ራሳቸው ሠሩት፤ ዋጋው በሕግ የተወሰነው 20 ዶላር ነው፣ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም። የዚያን ዕለት ከእኔ በፊት የገባው ልጅ መኪና ወድቆበት ነበር። የውድቀት ስቲከሩን ሲለጥፉለት የ15 ቀን ጊዜ እንዳለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አስተካክሎ ከመጣ ድጋሚ ምርመራው 1 ዶላር ብቻ መሆኑን፣ ዕቃውንም ከእሳቸው ዘንድ የመግዛት ግዴታ እንደሌለበት ቁጭ አድርገው አስረዱት። ከእኔ ጋር ስለሚተዋወቁ ብቻ አይደለም ለካ እንዲህ የሚያደርጉት ብዬ ደስ አለኝ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እጅዎ አይዛል። ቅዳሜ ጠዋት ሳልሰጋ ልጆቼን ይዤ ተራራ የምወጣው በእርስዎ ምክንያት ነው።

ለምትሄዱ፦ መኪና አብረዋችሁ ሄደው እንዲያዩላችሁ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ደውሉላቸው፣ ለጊዜያቸውም ክፈሉ፤ እምቢ ቢሉም አስገድዱ። እሁድና በዓል አይሠሩም። ፒክአፑ ያለበትን ቦታ፣ የጎማውን መጠንና በሩ መቃን ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩላቸው ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ብዙውን ይነግሯችኋል።