ጮቄን ከመንገድ ወጥቶ ላሳየን ሰው ምስጋና

ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ጮቄ ተራራን ለማየት የምታስቡ ሁሉ እባካችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት። ጎጃም ውስጥ የሚታመን መንገድ መሪ ከፈለጋችሁ አንድ ሰው አለ። በአካባቢው ትንሽ ትልቁ «አያ» ነው የሚለው። እኛም አያ አልነው። ሙሉ ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገረኝ ቃሉን አከብራለሁ።

አባቴ ተወልዶ ያደገው ደብረ ማርቆስ ነው። ልጅ እያለ ጠዋት ከቤት ሲወጣ በስተሰሜን በኩል ጮቄ ይታየው ነበር። ክረምት ደመና ለብሶ፣ በጋ ገላልጦ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ወጥቶት አያውቅም። ሥራ፣ ልጆች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አገር ኑሮ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ወሬው ሁሉ ጮቄ ሆነ። «እግሬ ሳይደክም ልርገጠው» ይለናል።

ከአያ በፊት ሌሎች ይዘን ሞክረን ነበር። ስማቸውን አላነሳም። ሙሉ ክፍያውን አስቀድመው ተቀበሉን። ጫፍ ድረስ እናደርሳችኋለን አሉን። ከዚያ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ዳር አወረዱንና «ይኸው ጮቄ፣ ፎቶ ተነሱ» ተባልን። አባቴ «ትንሽ ከፍ ብለን እንይ እንጂ» ሲል የልጅ ልጁ የሚሆን ጎረምሳ በሰው ፊት «አባት፣ ለእርስዎ አይሆንም፣ መኪና ውስጥ ቢቆዩ ይሻላል» አለው። አባቴ መልስ አልሰጠም። መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘጋ። ከተማ እስክንገባ አንድ ቃል አልወጣውም። ብሩ ይቅር፣ ብር ይተካል። ያንን ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሽማግሌ ሰው እንዲህ አይባልም! ሌላም ነበሩ፤ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ በዋዜማው ስልካቸውን ያጠፉ። እነሱን እዚሁ ልተዋቸው።

አያን ያገናኘን ደብረ ማርቆስ ያለ ዘመዳችን ነው። አያ ስንት ሰው ናችሁ፣ ስንት ትከፍላላችሁ አላለም። የመጀመሪያ ጥያቄው «ጋሼን ዳገት ላይ ትንፋሽ ነው የሚያስቸግራቸው ወይስ ቁልቁለት ላይ ጉልበት?» የሚል ነበር። ትንፋሽ እንደሆነ ነገርኩት። «እንግዲያው ችግር የለም፣ በልካቸው እንሄዳለን» አለ። ዋጋውን ተነጋግረን መቼ እንክፈል ስለው «ስንመለስ» ብሎ ዘጋው። ልቤ ያኔውኑ አረፈ።

በጥቅምት ነበር የሄድነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንነሳ አመዳዩ ሳሩን አንጥቶታል። አያ ለእያንዳንዳችን ዱላ አደለን። የገብሱን ማሳ ረጅም ዙሪያ ዞረን አለፍነው። አቋርጠን ብንሄድ ቅርብ ነበር፤ እሱ ግን «የሰው ልፋት አይረገጥም» አለ። ከዚያ በኋላ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ጓሳ የሚሉት የደጋ ሳር ብቻ ነው። ጓሳው በየጉብታው ስለሚበቅል ጉብታው ላይ ከረገጣችሁ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። መሀል መሀሉን መርገጥ ነው ያለብን። ረግረጉ ጋ ስንደርስ ደግሞ እሱ ቀድሞ በዱላው እየወጋ ይፈትሽልናል።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ላይ ደረስኩ።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ይሳሳል። ወጣቱ ወንድሜ እንኳ ያለከልክ ነበር። አያ እየመራን ሳለ በየመሀሉ ቆም ይልና አንድ ነገር ያሳየናል። ጅብራው ጋ ቆመ። ከሰው ቁመት በላይ የሚሆነው ይህ ተክል ዓመታት ኖሮ አንዴ ብቻ አብቦ እንደሚሞት ነገረን። ትንሽ ሄድንና ጓሳ ነጭቶ ገሳ እንዴት እንደሚሠራ፣ እረኞች ዝናብና ብርድ እንዴት እንደሚከላከሉበት በእጁ እያጠፈ አሳየን። ቀጥሎ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ጋ። ቀጥሎ ጥቁሩ ድንጋይ ጋ። ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁልጊዜ የሚቆመው የአባቴ ትንፋሽ ሲያጥር ነበር! ወደ ኋላ ዞሮ ሳያይ፣ በጆሮው ብቻ እየሰማ። አንዴም «ጋሼ ይረፉ» አላለም። አንዴም «ደከምዎ?» አላለም። አባቴ ሲያርፍ ያረፈ አይመስለውም፤ ነገር ሲያይ ነው የቆመው። ትንፋሹ ሲመለስ ጨዋታውም ያልቃል፣ እንነሳለን።

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰውን እንደዚህ አድርጎ መንከባከብ የት ይማሩታል? ያ መኪና ውስጥ ተቀመጡ የተባለው አባቴ ዱላውን ጨብጦ ከፊቴ ሲራመድ አየሁት።

ጥቁሩ ድንጋይ ጋ አባቴ «እሳተ ገሞራ ነው ይሉታል፣ አፉ ታዲያ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። እንደ ወንጪና እንደ ዝቋላ ሐይቅ የያዘ ጉድጓድ ጠብቆ ነበር። ጮቄ እሳት ከተፋ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ዝናቡና ወንዙ ሲሸረሽረው ኖሯል፤ ለዚያ ነው ገደላገደል እንጂ ጉድጓድ የማይታየው። አያ ይህንን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ውሃ አፍስሶ በየአቅጣጫው ሲወርድ እያሳየ አስረዳን። «ጮቄ እንዲህ ነው» አለ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጓሳው ሥር የምትንጠባጠብ፣ እጅ የማትሞላ ምንጭ ጋ አደረሰን። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጨሞጋ ናት» አለው። አባቴ ደብረ ማርቆስ አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ በጨሞጋ ነው ዋና የለመደው። ልብሱን ያጠበው፣ በእናቱ ዱላ የተመታውም በጨሞጋ ምክንያት ነው። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ታጠበባት። ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልተነሳም። አያ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እኛንም በእጁ ምልክት አራቀን።

ሰባት ሰዓት ገደማ ጉም መጣ። ሲመጣ አላየሁትም፤ ድንገት ጎኔ ያለው ወንድሜ ጠፋብኝ። አያ ወዲያው ሁላችንንም ሰብስቦ አስቀመጠን። ወንድሜ «ውሃ ተከትለን እንውረድ፣ ውሃ ሰው ያለበት ያደርሳል» አለ። አያ ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ውሃ አይከተሉም። ሁሉም የየራሱ አገር አለው። አንዱ በጨሞጋ ወደ ማርቆስ ይወርዳል፣ አንዱ በሙጋ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ አንዱ በተምጫ ወደ ፀሐይ መግቢያ። መገናኛቸው አባይ ነው። እናንተ ደግሞ ዛሬ የምትሄዱት እኔ ቤት እንጂ አባይ አይደለም።» ቆሎ አውጥቶ አደለን። ፈርቼ እንደነበር አይቶ ነው መሰል «አይዞሽ እታለም፣ ጉም እንግዳ ነው፣ ይሄዳል» አለኝ። ጋቢውን አባቴ ላይ ደረበለት። ጉሙ ሳሳ ሲል ሳሩን አየ፣ ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ነፋሱን አዳመጠ፣ ከዚያ «በዚህ» አለ። በምን እንዳወቀ ቆይቶ አስረድቶኛል፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። ያሳየው አቅጣጫ ግን በቀጥታ ደጃፉ ላይ ጣለን።

ባለቤቱ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ የገብስ እንጀራና ጠላ አቀረበችልን። እግዜር ይስጥልን። አባቴ እሳት ዳር ተቀምጦ እስኪመሽ አወራ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ክፍያው የተነጋገርነው ብቻ ነበር፤ አንድ ብር አልጨመረም።

ወገኖቼ፣ ጮቄ ስትሄዱ መኪና መንገድ ዳር ፎቶ ተነስታችሁ አትመለሱ። እንደ አያ ያለ አገሩን የሚያውቅ፣ ሰው የሚያከብር ሰው ይዛችሁ ውጡ። በተለይ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ሌላ ቦታ «አይችሉም» የተባላችሁ፣ በእኔ ይሁንባችሁ እሱን አነጋግሩት። ወፍራም ልብስና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ እሱም ቀኑ ጥሩ ካልሆነ አትምጡ ይላችኋል እንጂ ለገንዘብ ብሎ አይጠራችሁም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጀመሪያ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

አያ፣ ይህን ልጆችህ ያነቡልሃል ብዬ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። አባቴ «ለጥር ደግሞ እንመጣለን በይው» ብሎሃል።