መስቀል አደባባይና ስታዲየም ዙሪያ ለስፖርት እንግዳ ምን ያህል ይመቻሉ?

ለሩጫ ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ማረፊያውን በስታዲየምና በመስቀል አደባባይ አካባቢ ቢይዝ ይሻለዋል እላለሁ። የቀላል ባቡሩ ፌርማታ፣ የስፖርት ዕቃ መሸጫዎቹና የልምምድ ቦታው ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ስለሆኑ ለትራንስፖርት የሚባክን ጊዜም ሆነ ገንዘብ የለም። ይሁን እንጂ በአካባቢው የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ እኩል አይደለም፤ እንግዳው ሊያወጣ የተዘጋጀውን ገንዘብ ሳያወጣ የሚመለስበት አጋጣሚ አለ።

መስቀል አደባባይ በሰኔ 2013 ዓ.ም. እድሳቱ ተጠናቆ ሲመረቅ ከሥሩ 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለታል፤ ለሯጭ ግን ዋናው ሀብት እንደ ቀድሞው ሁሉ ደረጃው ነው። በግማሽ ክብ ከተዘረጉት እርከኖች አንዱን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ፣ አንድ ደረጃ ወጥቶ በሚቀጥለው መመለስ የከተማዋ ስፖርተኛ ለዓመታት የሠራበት ልምምድ ሲሆን፣ ገና ሳይነጋ ጀማሪውም፣ ክብደት ለመቀነስ የመጣውም፣ ክለብ ለመግባት የሚጥረው ወጣትም ጎን ለጎን ይሮጡበታል። እንግዳ ሰው በእነዚህ ሯጮች መካከል ገብቶ መሥራቱ ብቻውን ለጉዞው በቂ ምክንያት ይመስለኛል። ከቆላ የሚመጣ ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗን ሳይዘነጋ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርምጃና በሶምሶማ ቢያሳልፍ ይጠቀማል።

በስታዲየም ዙሪያ ያሉት ሱቆች ማልያ፣ ቱታ፣ ታኬታ፣ ዋንጫና ሜዳሊያ ይሸጣሉ። ለሰፈር ቡድን ማልያ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ከዚህ የሚቀል ቦታ አላውቅም፤ በዋጋ መከራከር ያስፈልጋል፣ ጫማ የሚገዛ ሰውም ሶሉን አጣጥፎና ስፌቱን አይቶ ይግዛ። ብሔራዊ ቡድናችን በጥር 1954 ዓ.ም. በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው በዚሁ ስታዲየም ነው። ይህን ታሪክ በፎቶግራፍና በማልያ የሚያሳይ አንድ ክፍል ቢኖር የመግቢያ ዋጋ ከፍዬ፣ ልጆቼንም ይዤ እገባለሁ።

ቅሬታዬ በማረፊያው ላይ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ በኅዳር ወር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያሰባስባል፤ ከክፍለ ሀገር ለዚሁ ውድድር የመጡ ዘመዶቼንም በአካባቢው ባለ አንድ ፔንሲዮን አሳርፌአቸው ነበር። ክፍሎቹ ንጹሕ፣ ሠራተኞቹም ትሑት ነበሩ። ነገር ግን በውድድሩ ዕለት ወጥ ቤቱ የተከፈተው እንግዶቹ ወደ መነሻው ከሄዱ በኋላ በመሆኑ፣ ዋጋው በአልጋው ሒሳብ ውስጥ የተካተተውን ቁርስ ሳይቀምሱ ከሱቅ ዳቦና ሙዝ ገዝተው ሄዱ፤ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው ሲመለሱ ደግሞ ክፍል የሚለቀቅበት ሰዓት አልፏል ተብለው ሻወር እንኳ ሳይወስዱ ሻንጣቸውን ተረከቡ። አንድ ሌሊት ለመጨመር አስበው የነበሩት እነዚህ ሰዎች በዚያው ዕለት ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ያ ቤት ያጣው ገቢ በእንግዳ እጥረት የመጣ ሳይሆን ሰዓቱን ከሯጭ ሰዓት ጋር ባለማስማማቱ የደረሰበት ነው።

በስፖርት ቱሪዝም ገቢ ለማግኘት የሚያስቡ ትናንሽ ከተሞች ይህን ቢያዩት መልካም ነው። ብዙዎቹ ቀድመው የሚመኙት ትልቅ ስታዲየም ነው፤ ሆኖም ኳስ ለማየት የመጣ ተመልካች ማታውኑ ሊመለስ ይችላል፣ ከፍታ ለመላመድ የመጣ ሯጭ ግን ሰውነቱ የሚጠይቀው ሳምንታትን በመሆኑ ይቆያል፤ በቆየበት ጊዜም ደጋግሞ ይበላል፣ ቀን ይተኛል፣ ልብስ ያሳጥባል፣ ማሳጅ ይፈልጋል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የኬንያዋ ኢቴን የውጭ ሯጮችን የምትስበው በአፈር መንገዶቿ፣ በማሠልጠኛ ማዕከሏና አብረው በሚሮጡት አትሌቶቿ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂም ከፍታውም ስሙም አላት። እንዲህ ላለች ከተማ ማለዳ የሚከፈት ወጥ ቤት፣ ሙቅ ውኃና የሚሮጥበትን መንገድ የሚያሳይ ወጣት ከአዲስ ግንባታ ቀድመው ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው፤ ወጪያቸውም በነዋሪው አቅም የሚሸፈን ነው።

አደባባዩን ለልምምድ ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ፤ መስከረም 16 የደመራ ዕለት ግን ቦታው ለበዓሉ ስለሚውል ሌላ ቦታ ይፈለግ። ለኅዳሩ ውድድር የሚመጣ ሰው አልጋ ቀደም ብሎ ይያዝ፤ ቀብድ ከመክፈሉ በፊትም ቁርስ በስንት ሰዓት እንደሚጀምርና ከውድድሩ በኋላ ታጥቦ ለመውጣት ይፈቀድለት እንደሆነ በስልክ ያረጋግጥ።